ልጆች ሥዕል በሚተዉበት ዕድሜ ሥዕልን ማስተማር፦ ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 14 ዓመት ለሚደርስ ልጆች፣ ይኸውም በአገራችን የቀድሞ አጠራር የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለምንላቸው፣ ቀልባቸውን የሚይዝና ዕውቀት የሚጨምር የሥዕል ትምህርት እንዴት እንደሚታቀድ ማስረዳት ነው። ጉዳዩን የምንመለከተው በሚኔሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ ከምትገኘው ከኤደን ፕሬሪ ሆነን ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 64,198 ነዋሪዎች የተቈጠሩባት ይህች ከተማ፣ እንደ መንትዮቹ ከተሞች አካባቢ ሁሉ፣ ከምሥራቅ አፍሪቃ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ለምሁራን መጽሔት የልጆች ሥዕል ምን ቁም ነገር አለው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። እኛ የተማርንበት ትውልድ በ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ተጣርቶ ያለፈ ነው፤ ያ ፈተና ደግሞ ሥዕልን አይጠይቅም ነበር። የማይፈተን ትምህርት እንደ ትምህርት የማይቈጠርበትን ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘን ባሕር ተሻግረናል። ስለዚህም ልጆቻችን በሒሳብና በሳይንስ ምን እንዳገኙ እንጠይቃለን፤ በሥዕል ክፍል ምን እንደ ሠሩ ግን አንጠይቅም። ሆኖም በስደት በሚያድግ ልጅ ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ዕድሜ ይደርሱበታል። በ12 እና በ13 ዓመቱ ሥዕል መሣል ይተዋል፤ በዚያው ዕድሜ ከወላጆቹ ጋር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ መነጋገርም ይቀንሳል። ሁለቱ አንዱ የሌላው መንስኤ ናቸው አንልም። ነገር ግን ቃል ያጠረው ልጅ በእጁ ሊናገር የሚችልበት መንገድ በዚያው ሰዓት ሲዘጋበት ዝም ብለን ማየት ተገቢ አይመስለንም።

ጽሑፉ በተለይ የሚመለከተው በቅዳሜና በእሑድ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩትን፣ እንዲሁም ልጆቻቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚያገኙት ትምህርት መጠየቅ የሚፈልጉትን ወላጆች ነው።

ዕድሜው ምን ዓይነት ዕድሜ ነው?

የትምህርት ዕቅድ ከቀለምና ከብሩሽ አይጀምርም፤ ከተማሪው ይጀምራል። በዚህ ረገድ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የቪክቶር ሎወንፌልድ ጥናት ነው። ሎወንፌልድ በ1903 በኦስትሪያ የተወለዱ፣ በቪየና ዓይነ ስውራን ልጆችን ያስተማሩ፣ ናዚዎች አገራቸውን በ1938 ሲይዙ የተሰደዱ ሰው ነበሩ። አሜሪካ እንደ ደረሱ ያስተማሩት በቨርጂኒያ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ በሃምፕተን ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ በኋላም ወደ ፔንሲልቫኒያ ስቴት ተዛውረው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1960 ድረስ እዚያው ሠርተዋል። በ1947 ያሳተሙት መጽሐፍ የልጆችን ሥዕል በዕድሜ ደረጃዎች ከፋፍሎ ያቀረበና ለአሜሪካ የሥዕል መምህራን ለረጅም ጊዜ እንደ መመሪያ ያገለገለ ነው።

እንደ ሎወንፌልድ አገላለጽ፣ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጁ በሂደቱ ሳይሆን በውጤቱ መፍረድ ይጀምራል። የስድስት ዓመት ልጅ የሣለው ፈረስ ፈረስ ባይመስልም ለእርሱ ፈረስ ነው። የ12 ዓመቱ ልጅ ግን ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ አድጓል፤ ፈረሱ ፈረስ እንዳልመሰለ ያውቃል፤ ጓደኞቹም እንደሚያውቁ ያውቃል። ስለዚህ «እኔ ሥዕል አልችልም» ይልና እርሳሱን ያስቀምጣል። አብዛኞቻችን ዛሬ ሥዕል አንችልም የምንለው በዚያ ዕድሜ በራሳችን ላይ በሰጠነው ፍርድ ነው።

በዚህ ላይ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እርማት አድርገዋል። ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን በ1970ዎቹ ባቀረቡት ጥናት ልጆች መሣልን የሚማሩት ከተፈጥሮ ዕድገታቸው ብቻ ሳይሆን ከሚያዩአቸው ሥዕሎች፣ በተለይም ከሥዕላዊ መጽሔቶችና ከቴሌቪዥን በመቅዳት ጭምር መሆኑን አሳይተዋል። ዛሬ የጃፓንን የካርቱን ገጸ ባሕርያት በደብተሩ ጠርዝ እየደጋገመ የሚሥለውን ልጅ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። የአገራችንም የሥዕል ልማድ ከዚህ አይርቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሠለጥነው የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው። እንግዲህ መቅዳት በራሱ ነውር አይደለም። ልዩነቱ ቅጂው መነሻ ነው ወይስ መድረሻ የሚለው ነው።

ከዚህ ትንተና ለዕቅድ የሚጠቅሙ አራት መደምደሚያዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ይህ ዕድሜ ሙያ ይፈልጋል። «የመሰለህን ሥራ» የሚል መምህር ለስድስት ዓመት ልጅ ነጻነት ይሰጣል፤ ለ13 ዓመቱ ልጅ ግን የሚሰጠው ኀፍረት ነው፤ ልጁ የሚፈልገው ጥላ እንዴት እንደሚጣል፣ ርቀት እንዴት እንደሚታይ፣ እጅ እንዴት እንደሚሣል የሚያሳየው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ምርጫ ይፈልጋል፤ ጠባብ በሆነ ወሰን ውስጥ የራሱ የሆነ ውሳኔ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፣ ሥራው ከጓደኛው ሥራ ጋር ተመዝኖ በአደባባይ ማዕረግ እንዳይሰጠው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ሎወንፌልድ ከዓይነ ስውራን ልጆች ጋር በመሥራት እንደ ተረዱት፣ አንዳንዱ ልጅ ዓለምን በዓይኑ ሌላው በመዳሰስ ያውቃል፤ በእርሳስ የማይሳካለት በሸክላ አፈር ወይም በስፌት ሊሳካለት ይችላልና የሥራው ዓይነት መለዋወጥ ይኖርበታል።

የግዛቱ ሕግ ምን ይላል?

በሚኔሶታ ሥነ ጥበብ በመምህሩ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። የግዛቱ ሕግ አምስት የጥበብ ዘርፎችን ይዘረዝራል፤ እነርሱም ውዝዋዜ፣ የመገናኛ ብዙኃን ጥበባት፣ ሙዚቃ፣ ቴአትርና የእይታ ጥበባት ናቸው። የመንግሥት የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱን ማቅረብ፣ ቢያንስ ሁለቱን ደግሞ ግዴታ ማድረግ አለባቸው። የ2018ቱ የግዛቱ የጥበባት ትምህርት መመዘኛ ይዘቱን በአምስት ክሮች ይከፍለዋል። እነርሱም መሠረታዊ ዕውቀት፣ መፍጠር፣ ለእይታ ወይም ለመድረክ ማቅረብ፣ ለሥራዎች ምላሽ መስጠትና ጥበብን ከሕይወት ጋር ማገናኘት ናቸው። በሚኒያፖሊስ አጠገብ በጎልደን ቫሊ የሚገኘውና በ1985 የተቋቋመው የፐርፒች የጥበባት ትምህርት ማዕከልም መምህራንን በዚህ ሥራ የሚደግፍ የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው።

ይህ ዝርዝር ለወላጅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው፣ ትምህርት ቤቱን ሲያነጋግር የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ልጁ ምን ሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሠራው ምን ተናገረ፣ ለማን አሳየ፣ ከምን ጋር አገናኘው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ «ማገናኘት» የተባለው ክር ለማኅበረሰባችን የተከፈተ በር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህር ስለ ጥለት ወይም ስለ ፊደል የማያውቅ ቢሆን አያስገርምም፤ የሚያውቅ ወላጅ ግን ክፍሉ ድረስ ሄዶ ሊያሳይ ይችላል። በአንጻሩ የቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችን የሥዕል ሰዓት ብዙውን ጊዜ የታተመ የባንዲራ ወይም የመሶብ ንድፍ ቀለም በመቀባት ያልፋል። ይህ ለአምስት ዓመት ሕፃን ያስደስት ይሆናል። የ13 ዓመት ልጅን ግን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው፤ እርሱም ይህን ወዲያው ይረዳና ቅዳሜን ይሸሻል።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን የሆነው ፕሮጀክት ዜሮ በማሳቹሴትስ የሥዕል ክፍሎችን ተመልክቶ በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ ጥሩ የሥዕል ክፍል በሦስት ክንውኖች የቆመ መሆኑን አሳይቷል። እነርሱም መምህሩ እየሠራ የሚያሳይበት አጭር ማብራሪያ፣ ተማሪዎች የሚሠሩበት ረጅም ጊዜና በሥራዎቹ ላይ የሚደረግ የጋራ ሂስ ናቸው። በዚሁ ጥናት የተዘረዘሩት ስምንት ልማዶችም፣ ሙያን ማዳበር፣ በሥራ መጽናት፣ በሐሳብ አስቀድሞ ማየት፣ ስሜትን መግለጽ፣ ማስተዋል፣ ማሰላሰል፣ ከለመዱት አልፎ መሞከርና የጥበብን ዓለም መረዳት ናቸው። እነዚህ ልማዶች ለሠዓሊ ብቻ የሚያስፈልጉ አለመሆናቸውን አንባቢ ያስተውላል።

በዚህ መሠረት 50 ደቂቃ ላለው ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን አከፋፈል እናቀርባለን። 10 ደቂቃ ለማሳየት፣ 28 ደቂቃ ለሥራ፣ 7 ደቂቃ ለውይይት፣ 5 ደቂቃ ዕቃ ለማጠብና ለመሰብሰብ። መምህሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ከተናገረ ክፍሉን ያጣዋል። ማጠቢያውን ረስቶ ካቀደም ውይይቱን ያጣዋል፤ ከእነዚህ ክንውኖች ሁልጊዜ በጊዜ እጥረት የሚሠዋው ውይይቱ ነውና።

የዕቅዱ አጻጻፍ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢሄድ ይመረጣል። መምህሩ በመጀመሪያ «ልጁ ይህን ምዕራፍ ሲጨርስ ቀድሞ የማይችለውን ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ልጁን የሚያሳስብ፣ አንድ ብቻ መልስ የሌለው ጥያቄ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን ሙያ፣ መሣሪያውንና ጊዜውን ይወስናል። በመጨረሻም ሥራው የት እንደሚታይ ያስባል። ብዙ ያልተሳኩ ትምህርቶች የተገላቢጦሹን የሄዱ ናቸው፤ በቁም ሣጥን ውስጥ ቀለም ስላለ ቀለም ይቀባል፤ ለምን እንደሚቀባ ግን የሚያውቅ የለም።

ለውይይቱ አቢጌል ሀውሰንና ፊሊፕ የናዋይን የተባሉት ባለሙያዎች የሠሩበት የአጠያየቅ ስልት ይጠቅማል። መምህሩ በሥዕሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል፤ መልስ ሲያገኝ፣ እንዲህ ለማለት ያበቃው የታየ ነገር ምን እንደሆነ ተማሪውን ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ሌላ ምን እንደሚገኝ ክፍሉን ይጋብዛል። ይህ ስልት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ መምህርም ተማሪው ወርቁን አገኘሁ ሲል ከሰሙ ውስጥ እንዲያሳየው ያስገድደዋል። ማስረጃ የሌለው ትርጓሜ በቅኔ ቤትም በሥዕል ክፍልም ተቀባይነት የለውም።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጎንደር ዘመን የግድግዳ ሥዕል ቅጂ በክፍሉ ፊት ይቅረብ። ተማሪዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ሰዎች ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሌሎቹ ደግሞ ከጎን በአንድ ዓይን መሣላቸውን ያስተውላሉ። ጻድቃን በሁለት፣ ርኩሳን መናፍስትና ክፉዎች በአንድ ዓይን የሚሣሉበት ሕግ መኖሩን መምህሩ ሳይነግራቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው የእነርሱ ይሆናል፤ ዛሬ በፊልምና በካርቱን ክፉውን ሰው ከደጉ የምንለየው በምን ምልክት ነው? ልጁ ከ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊ ጋር ስለ ሙያ እየተወያየ ነው ማለት ነው።

ሦስት ምዕራፎች በአብነት

ከዚህ ቀጥሎ ለቅዳሜ ትምህርት ቤት የሚሆኑ፣ በድምሩ 14 ክፍለ ጊዜ የሚወስዱ ሦስት ምዕራፎችን እናቀርባለን። ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ፊደል ነው፤ አራት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 እንደሚሆኑ ልጆቹ በንባብ ሰዓት ሰምተው ይሆናል፤ እንደ ቅርጽ ግን አይተዋቸው አያውቁም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለ፣ በ፣ ሰ እና ከ በትልቁ ተጽፈው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይደረደራሉ፤ ተማሪዎች ሕጉን ራሳቸው እንዲያወጡ ይጠየቃሉ። ካዕብ በቀኝ ጎኑ መካከል ጭረት እንደሚያበቅል፣ ሣልስ ጭረቱን ወደ እግሩ እንደሚያወርድ፣ ራብዕ ቀኝ እግሩን እንደሚያስረዝም፣ ኃምስ በእግሩ ጫፍ ቀለበት እንደሚያስር ይደርሱበታል። ሳድስና ሳብዕ ግን ከሕጉ ያፈነግጣሉ፤ ይህንም ማግኘት ደስታ አለው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚሰጥ ጫፈ ሰፊ ብርዕ ከካርቶን ወይም ከሸምበቆ ይቀረፃል። በሦስተኛውና በአራተኛው እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊደል መርጦ ምስል እስኪሆን ድረስ ያሳድገዋል፤ ይቈርጠዋል፤ ይደጋግመዋል። ከሥራው በኋላ፣ ከሥራው በፊት ሳይሆን፣ የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሥዕሎች ይታያሉ። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት እኚህ ሠዓሊ የሥራቸውን ዋና መሠረት ያደረጉት ፊደልን ነው። ሥዕሎቹ ቀድመው ቢታዩ ልጆቹ ይቀዷቸዋል፤ ኋላ ሲታዩ ግን ሠዓሊው ምን ዓይነት ችግር እንደ ፈታ ይገባቸዋል።

ይህ ምዕራፍ አንድ ተጨማሪ በረከት አለው። በንባብ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ልጅ በዚህ ሰዓት ከፊት ሊገኝ ይችላል። ፊደሉን ያላነበበውን ልጅ ፊደሉ በእጁ በኩል ይገባዋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ጥለት ነው፤ እርሱም አራት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በየቤታችን የተቀመጠ ነጠላ ወይም ቀሚስ አለ። ልጁ አንዱን አምጥቶ በማጉያ መነጽር እንዲያየው ይደረጋል። ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው በድሩ መካከል ባለ ቀለም ማግ እየቈጠረ በማስገባት ነው፤ ስለዚህም በጥለት ውስጥ እውነተኛ ክብ የለም፤ ሰያፍ መስመሩ ሁሉ በቅርብ ሲታይ ደረጃ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ የሒሳብ ደብተር ባለ ካሬ ወረቀት ለምን እንደ ቀረበለት ይገባዋል። ሥራው በሦስት ቀለም ብቻ፣ ወሰኑ በተሰጠ ስፋት ውስጥ፣ ሲደጋገም የማይቋረጥ ንድፍ ማውጣት ነው። ቀለሙ ለምን ሦስት ሆነ? ገደብ የሌለው ምርጫ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ጭንቀት ነውና። የሐረር ስፌት ወዳለበት ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ካለ፣ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ የሚያድገውን የሰፌድ ንድፍ በክብ ወረቀት ይሠራል፤ የቀጥታውንና የዙሪያውን ድግግሞሽ ማወዳደር ራሱን የቻለ የሒሳብ ትምህርት ይሆናል። አያት ወይም እናት ጥለቱን ወይም ስፌቱን ለማስረዳት ወደ ክፍሉ ቢጋበዙ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ማወቅም አይጠበቅባቸውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ካርታ ሲሆን ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ምዕራፍ መነሻ የሚሆነን በዚሁ በመንትዮቹ ከተሞች የተፈጸመ እውነተኛ ሥራ ነው። በ1970 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በ1977 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሚሺጋን የመጡት ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱ፣ በ2003 ሚኒያፖሊስ በሚገኘው በዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ሥራዎቻቸውን ባሳዩበት ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪቃ ከመጡ የኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ሠርተዋል። ለወጣቶቹ ካሜራና የድምፅ መቅጃ ተሰጣቸው፤ የዕለት ኑሯቸውን፣ የሚሄዱባቸውን መንገዶች፣ የሚሰሙትን ድምፅ ሰበሰቡ። ሥራው የተሰጠው ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል የምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች ናቸው» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር አርእስቱ ውስጥ ይገኛል። ወጣቶቹ የተጠየቁት ትተውት ስለ መጡት አገር አልነበረም፤ የሚኖሩበትን ከተማ የራሳቸው አድርገው እንዲመለከቱት ነበር። የጁሊ ምሕረቱ አጋማሽ ዘመን ሥራዎች ዐውደ ርእይም ከ2021 እስከ 2022 ወደዚያው ማዕከል ተመልሶ ታይቷል።

የእኛ ምዕራፍ ይህን ለ12 ዓመት ልጅ አቅም ያመጣዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ልጁ ከሚያዘወትራቸው ቦታዎች ሦስቱን መርጦ የመንገዱን ንድፍ በትውስታ ይሥላል፤ ከዚያ ከእውነተኛ ካርታ ጋር ያስተያየዋል። ትውስታው ያስረዘመውና ያሳጠረው መንገድ የትኛው ነው? በሦስተኛውና በአራተኛው በሚያሳይ ስስ ወረቀት ላይ ሁለተኛ ንጣፍ ይጨመራል፤ ይህ የድምፅ፣ የሽታ ወይም የቋንቋ ካርታ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ የሚነገርበት ቦታ በአንድ ዓይነት መስመር፣ እንግሊዝኛ የሚነገርበት በሌላ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ንጣፎቹ ተደራርበው ይጠናቀቃሉ። ከዚያ የጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎች ቅጂ ይታያል፤ በሕንጻ ንድፍና በካርታ ላይ የተደራረቡት ምልክቶች ለልጆቹ እንግዳ አይሆኑባቸውም።

በዚህ ምዕራፍ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤት አድራሻ በግድግዳ በሚሰቀል ካርታ ላይ አይጻፍ። እንዲሁም ልጁ የስደት ጉዞውን እንዲሥል አይገደድ። ራሱ ከፈለገ ማንም አይከልክለው፤ ነገር ግን በረሃ ያቋረጠ ወይም በመጠለያ ጣቢያ ያደገ ልጅ ቁስሉን ለክፍል ሥራ እንዲያቀርብ መጠየቅ የመምህር ሥልጣን አይደለም።

የማን ቅርስ?

ከዚህ በላይ የቀረቡት ምሳሌዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣሉ። «የኢትዮጵያ ሥዕል» ስንል የማንን ማለታችን ነው? በሚኔሶታ የምንኖረው ከአንድ ሃይማኖትና ከአንድ ቋንቋ የወጣን አይደለንም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታላቅ ሀብታችን ስለሆነ ብቻ ሁሉንም ልጅ ይወክላል ማለት አይደለም። የሐረር የቁርዓን ጽሕፈትና የመጽሐፍ አደጓጐስ ጥበብ፣ የኮንሶ የእንጨት ሐውልቶች፣ የሸማኔውና የስፌት ሠሪዋ ሙያ በዕቅዱ ውስጥ እኩል ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ይህን የምንለው ማንንም ለማስደሰት አይደለም። ዕቅዱ አንዱን ልጅ ባለቤት ሌላውን እንግዳ ካደረገው፣ አዋቂዎች በየስብሰባው የምንከራከርበትን ጠብ ወደ ልጆች ጠረጴዛ ማውረድ ስለሚሆን ነው።

ሁለተኛው አደጋ ልጁን የባህል አምባሳደር ማድረግ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት «ከአገርህ የሆነ ነገር ሣል» የሚባል ልጅ፣ በቅዳሜ ትምህርት ቤትም ያንኑ ከተባለ፣ ሥዕል ማለት ሁልጊዜ ስለ ወላጆቹ አገር ማስረዳት ይመስለዋል። ልጁ ስለ ብስክሌቱና ስለ በረዶው የመሣል መብት አለው።

በዚህ ነጥብ ላይ የዘመናዊ ሥዕላችን ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በዚያው ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና ጽሕፈትና ሥዕል ዐዋቂ ልጅ ነበሩ፤ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው የተመለሱት ግን ረቂቅ ሥዕል ይዘው ነው። ይህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የባዕድ የሚለው ክርክር በዘመኑ ተነሥቶ ነበር። እስክንድር ቦጎሲያንም ከጠልሰምና ከብራና ቅርጾች ተነሥተው ማንም ያልሣለውን ሣሉ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ገብረ ክርስቶስ በ1981 በኦክላሆማ፣ እስክንድር በ2003 በዋሽንግተን በስደት አረፉ። ሁለቱም ቅርስን የወሰዱት እንደ አሠራር ነው እንጂ እንደ ተዘጋጀ ምስል አይደለም። ለልጆቻችንም ልናወርስ የሚገባን መሶቡን የሚመስል ሥዕል ሳይሆን፣ የስፌት ሠሪዋን አቈጣጠር፣ የብራና ጸሐፊውን ትዕግሥት፣ የቅኔ መምህሩን ማስረጃ ጠያቂነት ነው።

ስለ ምዘና

ሥዕል አይፈተንም ማለት አይመዘንም ማለት አይደለም። የማይመዘን ትምህርት ለልጁም ክብር የለውም። ነገር ግን የሚመዘነው ተሰጥኦ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ተማሪ የንድፍ ደብተር ይኑረው፤ መምህሩ የመጀመሪያውን ሙከራና የመጨረሻውን ሥራ ጎን ለጎን ይመልከት፤ በመካከል ምን ተለወጠ ብሎ ይጠይቅ። ልጁም ሥራው ሲያልቅ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ምን እንደ ሞከረ፣ ምን እንዳስቸገረው፣ እንደገና ቢሠራው ምን እንደሚለውጥ። ዐረፍተ ነገሮቹን በሚቀለው ቋንቋ ይጻፋቸው፤ አርእስቱን ግን በፊደል ይጻፍ። ይህ ትንሽ ግዴታ ነው፤ ከ14 ሳምንት በኋላ ግን ምን ያህል ቃል እንዳስተማረው መምህሩ ያያል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ዕቅድ ሠዓሊዎችን ለማፍራት የታሰበ አይደለም። ጥቂቶች ሠዓሊ ቢሆኑ መልካም ነው፤ ብዙዎቹ ነርስ፣ መሐንዲስና ነጋዴ ይሆናሉ። የታሰበው አንድ ልጅ በራሱ ላይ በሚፈርድበት ዕድሜ፣ ፍርዱ በሙያና በትዕግሥት ሊሻሻል እንደሚችል በእጁ እንዲያውቅ ነው። ወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት አንድ ተጨማሪ ገበታ እንዲያገኝ ነው። ልጁ «ይህ መስመር ለምን እዚህ ጋ ቆመ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው የሠራውን ነውና፣ በግማሽ አማርኛም ቢሆን ይመልሳል።

ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦችን አቅርበን እንፈጽማለን። የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች በየመንፈቁ አንድ ምዕራፍ እንኳ ከባንዲራ ማቅለም ወደ እውነተኛ ሥራ ይለውጡ። ወላጆች የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም አጠቃላይ መግቢያ ነጻ መሆኑን አውቀው ከልጆቻቸው ጋር ይሂዱ፤ በአንድ ጉብኝት ከሦስት ሥዕል በላይ ለማየት ግን አይቸኩሉ። የምሁራን ማኅበራት ደግሞ በየጉባኤው አዳራሽ ከመጽሐፍ ሽያጩ ጠረጴዛ አጠገብ ለልጆች ሥራ አንድ ግድግዳ ይስጡ። በየከተማው ይህን የሞከሩ መምህራን ልምዳቸውን በጽሑፍ ቢያካፍሉን፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ ዕቅዱ ይሻሻላል፤ እኛም እንማርበታለን።